ወደ ቂብላ የዞሩት ሰባት ሰንጢዎች

«እማ፣ ያልጠየቁሽን ነገር ባትናገሪ ውሸት ይሆናል?»

ልጄ ኒዕማ ይህን የጠየቀችኝ ለዙህር ውዱእ ሳደርግ ውሃ እያፈሰሰችልኝ ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከጎረቤታችን ከዘምዘም ቤት ገና መመለሳችን ነበር። ዘምዘም ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው ሹሩባ እየሠራች ነው። በዚያ ሳምንት ከእኔ የተዋሰችው ሰንጢ እጇ ላይ ታጥፎ የቀኝ አውራ ጣቷን ጅማት በጠሰው። ሐኪሙም ጣቱ እንደ ድሮው አይሠራም ብሏታል። ልንጠይቃት ብንሄድ፣ «የራሴ ችኮላ ነው፣ ማንን እወቅሳለሁ» አለችን። እኔም «አይዞሽ እህቴ፣ የአላህ ቀደር ነው፣ የተጻፈ ነው» አልኳት። ኒዕማ አጠገቤ ተቀምጣ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ታይ ነበር።

እግሬን አጥቤ ሰገድኩ። ገና ከመስገጃው ሳልነሳ አባቴ፣ አላህ ይርሐማቸውና፣ በልጅነቴ ደጋግመው ይነግሩኝ የነበረ የአንድ ሽማግሌ ነገር መጣብኝ። እኔ ዓሊም አይደለሁም። የቀለም ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከኡስታዝ ፊት የተቀመጥኩትም ጥቂት ነው። የሰማሁትን ግን እንደሰማሁት እጽፈዋለሁ።

ከተማዋ የድሮ ከተማ ናት። ስሟን አባቴም አያውቁትም ነበር። አንድ ጊዜ ግንብ ነበራት፤ ኋላ ግንቡ ፈርሶ ድንጋዩን ሰው ለቤቱ መሠረት ወሰደው ይላሉ። በዚያች ከተማ ከመስጂዱ ቁልቁል በምትወርደው መንገድ ላይ ሸኽ እብሬ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ቁርኣንን በልባቸው የያዙ፣ ጀናዛ የሚያጥቡ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ ሰው ናቸው። እንጀራቸው ግን ብረት መቀጥቀጥ ነበር። ይህ ለአንዳንዱ ሰው አይዋጥለትም። «ሸኽ ሆኖ ቀጥቃጭ!» ይሏቸዋል። እሳቸውም ሳይቆጡ፣ «አላህ ብረትን ያለሰለሰው ለነቢዩላህ ዳውድ ነው፤ ለኔማ እስካሁን እንደጠነከረ ነው» ብለው መዶሻቸውን ያነሳሉ።

ማጭድም ዶማም ይሠራሉ፤ ስማቸው የወጣው ግን በሰንጢ ነው። ሰንጢ ያው የሚታጠፍ ነገር ነው። ስለቱ ተመልሶ እጀታው ውስጥ ይተኛል። ሲዘረጉት ከእጀታው ጀርባ ያለው የሞላ ብረት ጥርሱን በስለቱ ተረከዝ ላይ በተሞረደች ጎድጓዳ ውስጥ ይጥልና «ቀጭ» ይላል። ገበያተኛ ያቺን «ቀጭ» ሰምቶ፣ ያዘ ብሎ ይገዛል። ሸኽ እብሬ ግን ድምፅን አያምኑም። ጥርሱ ጎድጓዳው ውስጥ በሚገባ ገብቶም «ቀጭ» ይላል፤ ከንፈሩ ላይ ብቻ አርፎም ያንኑ «ቀጭ» ይላል። ከንፈሩ ላይ ያረፈው ሥጋና ገመድ ሲቆርጡበት ምንም አይል ይሆናል። አንድ ቀን ግን በጫፉ ሊወጉበት ወይ ሊሰነጥቁበት ሲጫኑት ጥርሱ ይንሸራተታል፣ ስለቱም ይመለሳል። የሚመለሰው ደግሞ የያዘው ሰው ጣቶች ወዳሉበት ነው። ሰውየው አጥብቆ በያዘው ልክ ይቆረጣል።

ስለዚህ ሸኽ እብሬ አንድ ልማድ ነበራቸው። ከሱብሂ ሶላት በኋላ፣ ሱቃቸውን ሳይከፍቱ፣ አዲስ የሠሩትን ሰንጢ ይዘረጋሉ። ስለቱ በሚመለስበት ቦይ ላይ የግራ እጃቸውን ሦስት ጣቶች ያስገባሉ። ቢስሚላህ ብለው የስለቱን ጀርባ በግንድ ጉቶ ላይ ሦስት ጊዜ ይመቱታል። ከያዘ አልሐምዱሊላህ። ካልያዘ የሚደማው የሳቸው ጣት ነው። የገዢው ጣት ከመግባቱ በፊት የኔ ይግባ ማለታቸው ነበር።

ይህን ለማንም አልተናገሩም። ለሰው የተነገረ በጎ ሥራ ይዩልኝ ይሆናል ብለው ሪያእን ይፈሩ ነበር። ሰው የሚያየው ጠባሳውን ብቻ ነው። «ሰንጢ ሠሪ ሆነው ራስዎን ይቆርጣሉ?» እያለ የመንገዱ ሰው ይስቅባቸዋል። ቅቤ ነጋዴው በየጠዋቱ እያለፈ፣ «ሸኽዬ፣ ዛሬስ ማን አሸነፈ?» ይላቸዋል። «ዛሬ እኩል ነን» ይላሉ። ባለቤታቸው ራቢያ እንኳ እጃቸው በእርጅና የሚንቀጠቀጥ ይመስላት ነበር። በጨርቅ እየጠቀለለችላቸው፣ ይህን ሥራ ቢተዉት ምን አለ ትላቸዋለች።

የተፈተነውንና ያልተፈተነውን የሚለዩበትም ምልክት ነበራቸው። የተፈተነው ምንጣፉ ላይ እጀታው ወደ ቂብላ፣ ወደሚሰገድበት አቅጣጫ፣ ዞሮ ይቀመጣል። ያልተፈተነው ደግሞ እጀታው ወደ በሩ ነው። ይህም በልባቸው የተያዘ ነገር ነው፣ ለማንም አልነገሩትም።

ለዐረፋ በዓል ስድስት ቀን ሲቀረው እንዲህ ሆነ። ምንጣፉ ላይ ሃያ ሰንጢዎች ነበሩ፤ አሥራ ሦስቱ የተፈተኑ፣ ሰባቱ ያልተፈተኑ። ሸኽ እብሬ ፈተናውን ሳይጨርሱ የጎረቤት ሰው ሞቶ ለጀናዛ ተጠሩ። ጀናዛ አይዘገይምና ሥራቸውን እንዳለ ትተው ሄዱ። ሱቁን ራቢያ ከፈተችው። ለበዓሉ ልትጠርግ ብላ ምንጣፉን ብታይ፣ ሰባት ሰንጢዎች ጀርባቸውን ለቂብላ ሰጥተዋል። ይህች ሴት ጫማ እንኳ ወደ ቂብላ ተገልብጦ ካየች ሳታቃና አታልፍም። ሰባቱንም አንድ በአንድ አነሳችና አዞረቻቸው። ገበያውም ያን ቀን የደራ ነበር።

ሸኽ እብሬ ከአስር ሶላት በኋላ ተመለሱ። ምንጣፉን አዩ። እጀታው ሁሉ ወደ አንድ በኩል ነው። ዘጠኝ ሰንጢዎች የሉም።

«ራቢያ፣ እነዚህን ማን አዞራቸው?»

«እኔ ነኛ። ሰባቱ ጀርባቸውን ለቂብላ ሰጥተው አገኘኋቸው። በዐረፋ ሰሞን እንዲህ ያለ ነገር ይደረጋል? አስተግፊሩላህ ብዬ አስተካከልኳቸው።»

ደስ ብሏት ነበር የተናገረችው። ሸኽ እብሬ ጉቷቸው ላይ ተቀመጡ። «አላህ የኒያሽን ይክፈልሽ» አሏት። ስለ ምልክቱ አልነገሯትም።

የቀሩትን አሥራ አንድ ሰንጢዎች ያኔውኑ በጣታቸው ፈተኗቸው። ሁሉም ያዙ። ይህ ግን ምንም አላጽናናቸውም። ያልተፈተነው የትኛው እንደሆነ፣ የትኛውስ እንደሄደ ማወቅ አይቻልም። ዘጠኙንም ማግኘት ነበረባቸው። ራቢያን ማን ማን እንደገዛ ጠየቋት፤ የስምንቱን ቤት ታውቃለች። ዘጠነኛው ከወንዝ ማዶ ካለው የቂርአት ጎጆ የመጣ ደረሳ፣ የቁርኣን ተማሪ ነው አለቻቸው።

በማግስቱ ዱላቸውን ይዘው ወጡ። ከቅርብ ቅርቡ ጀመሩ። ሽማግሌ እግር ያለው ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው፣ ማንም አይፈርድባቸውም። ሰሌን የምትሠራው ሴት፣ «ሸኽዬ፣ ሸጠውልኝ ሊነጥቁኝ መጡ?» ብላ አሳቀቻቸው። ሰንጢዋን ተቀብለው፣ ዞር ብለው ፈተኑና መለሱላት። ዛሬ ሁለት ቤት፣ ነገ ሦስት ቤት፣ ከነገ ወዲያ ሦስት ቤት ሆነ። ስምንቱም ያዙ።

በአራተኛው ቀን ወንዙን ተሻገሩ።

ደረሳው አብዱልዋሴ ይባላል። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። የእጅ ጽሑፉ እስከ ሩቅ አገር የተወራለት ልጅ ነበር። ሙስሐፍ፣ ሙሉ ቁርኣን፣ በእጁ እየጻፈ ነበር፤ ለሟች እናቱ ሰደቃ እንዲሆንላት ኒያ አድርጎ የጀመረው ነው። ከግማሽ ትንሽ አልፎ ነበር። ሰንጢውንም የገዛው የመቃ ብዕሩን ሊቀርጽበት ነው። ብዕር ተቀርጾ ሲያበቃ ጫፉ በሰንጢ አፍንጫ ይሰነጠቃል፣ ቀለሙ የሚወርደው በስንጥቁ ነው። አብዱልዋሴ ሊሰነጥቅ ሲጫን ሰንጢው ተመለሰ። የቀኝ እጁን ሦስት ጣቶች ጅማት በጠሰ። ሸኽ እብሬ ሲደርሱ ከሆነ ሁለት ቀን አልፎታል።

ልጁ እጁን ጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ሽማግሌውን ሲያይ ሊነሳ ሞከረ።

«ሸኽዬ፣ ለኔ ብለው ወንዝ ተሻገሩ? አፈርኩ እኮ። ጥፋቱ የራሴ ነው። ቢስሚላህ ሳልል ነው ብዕሩን የሰነጠቅኩት። አላህ አስተማረኝ።»

አስተማሪው አጠገቡ ነበሩ። ልጁ ሰብር፣ ትዕግሥት እንዳለው፣ ቀደር ነው ብሎ እንደተቀበለ፣ ሌሊት ሌሊት ዚክር እያደረገ እንደሚያድር ነገሯቸው። ሸኽ እብሬ ሰንጢውን አሳዩኝ አሉ። መጣላቸው። ዘረጉት፤ «ቀጭ» አለ። የስለቱን ጀርባ የደረሶቹ የመጻፊያ ሉህ ጠርዝ ላይ አድርገው ተጫኑት። ታጠፈ። እንደገና ዘረጉት። እንደገና ታጠፈ።

አባቴ እዚህ ሲደርሱ ሁልጊዜ፣ «ልጄ፣ እዚያ ጎጆ ውስጥ ነገሩ የገባው ሰው አልነበረም» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ለልጁና ለአስተማሪው አንድ ሽማግሌ ሰንጢ እያገላበጠ ነው፣ ሌላ ምንም አላዩም። የጠየቀ የለም። የጠረጠረም የለም። ዱዓ አድርገው፣ ግንባሩን ስመው ቢወጡ ልጁ እጃቸውን ስሞ ይሸኛቸው ነበር።

«ልጄ፣ ቢስሚላህ ብለህም ቢሆን ይታጠፍ ነበር» አሉት።

ከዚያ ሁሉንም ነገሩት። በጣታቸው እንደሚፈትኑ፣ ይህኛውን ሳይፈትኑ ጀናዛ መሄዳቸውን፣ ምልክታቸውን ለቤተሰብ እንኳ አለመንገራቸውን። ራቢያን አላነሱም። የግራ እጃቸውንም ዘርግተው አሳዩት። አብዱልዋሴ ጠባሳዎቹን ብዙ ጊዜ አያቸው። ከዚያ የራሱን እጅ አየ።

«ከኔ በፊት ስንት ሰው ቤት ሄዱ?»

«ስምንት።»

«የኔ ዘጠነኛ ነው?»

«አዎ ልጄ። ቅርብ ቅርቡን አስቀደምኩ።»

ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አስተማሪው እስከ በር ሸኟቸው። በሩ ላይ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ሸኽ እብሬ፣ ልጁ ከጌታው ጋር ታርቆ ነበር። እጁን ሰንጢው ወሰደው፣ ሰብሩን ደግሞ አንቱ ወሰዱበት። ዝም ቢሉ ምን ነበረበት?» አሏቸው። ሸኽ እብሬ ዱላቸውን አንስተው ወጡ። ወንዙን እንዴት እንደተሻገሩ አያስታውሱትም ነበር ይባላል።

የዐረፋ ለት ከኢድ ሶላት በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን ቆሙ። ከእኔ ሰንጢ የገዛ ሁሉ ያምጣልኝ፣ አንዱ ሰው ጎድቷል፣ ጥፋቱም የኔ ነው አሉ። ቅቤ ነጋዴው ከኋላ ሆኖ፣ «ራሱን ሲቆርጥ ዝም አልነው፣ ይኸው ሰው ቆረጠ» አለና ዙሪያው ያለው ሳቀ። ሸኽ እብሬ ጠባሳው ከምን እንደመጣ ሊነግሩት ይችሉ ነበር። አልነገሩትም። ያንን የነገሩት መስማት ለሚገባው ሰው ብቻ ነው።

ራቢያ ግን ነገሩን ከሰው ሰምታ ገጣጠመችው። ያን ቀን ማንም ሥጋ አልቀመሰም እቤታቸው። እኔ ነኝ ያዞርኳቸው፣ እኔ ነኝ የዚያን ልጅ እጅ የቆረጥኩት ብላ ተቀመጠች። «አንቺማ ወደ ቂብላ ነው ያዞርሽው። ምልክቱን የደበቅኩት እኔ ነኝ» አሏት። አልሰማቻቸውም። ከዚያ ወዲያ የሱቁን ደፍ አልረገጠችም፤ የተጣመመ ነገር ስታይም እጇን ሰብስባ ታልፍ ነበር ይላሉ።

ሸኽ እብሬም ከዚያ በኋላ የሚታጠፍ ነገር አልሠሩም። ማጭድ ሠሩ፣ ዶማ ሠሩ።

በየዓመቱ ግን ለዐረፋ አንድ ቀን ሲቀረው ወንዙን ይሻገራሉ። አብዱልዋሴ እዚያው ጎጆ ውስጥ ለሕፃናት ፊደል ያስቆጥራል፣ በግራ እጁ ሉሁን ይዞ። ሸኽ እብሬ ከበሩ ላይ፣ «አፉ በለኝ ልጄ» ብለው ይቅርታ ይጠይቁታል። እሱም፣ «ይቀመጡ ሸኽዬ፣ ደክሞዎታል» ይላቸዋል። ውሃ ያቀርብላቸዋል፣ ስለ ጤናቸው ይጠይቃቸዋል፣ እስከ ወንዙ ይሸኛቸዋል። የተጠየቀውን ግን አይልም። ዘጠኝ ዓመት እንዲሁ ሆነ። ክፉ ልጅ አልነበረም። ቃሉ ከአፉ አልወጣ ብሎት ነው፤ አባቴ እንዲህ ነበር የሚሉት።

በዘጠነኛው ዓመት ሸኽ እብሬ ታመው ሳለ ተነሱ። ራቢያ በሩ ላይ ቆመችባቸው። ሰው ሁሉ ቀደር ነው ይላል፣ ልጁ ራሱ መጀመሪያ ቀደር ነው ብሎ ነበር፣ አንቱ ከሰው ሁሉ በምን ይለያሉ ብላ አለቀሰች። ሽማግሌው ዱላቸውን ተደግፈው፣

«ቀደሩ የአላህ ነው፤ ያልፈተንኩት ግን የኔ ነው» አሏት።

ሄዱ፣ ውሃውን ጠጡ፣ ተመለሱ። በዚያው ወር ወደ አኺራ ሄዱ። ለጀናዛቸው አብዱልዋሴ ወንዙን ተሻግሮ መጣ፤ በመቃብራቸው ላይ አፈር በግራ እጁ መለሰ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ያዩ አሉ። አፉ ብያለሁ ሲል ግን የሰማ የለም። ሙስሐፉ ከግማሽ በኋላ ነጭ እንደሆነ በዚያ ጎጆ ብዙ ዘመን ተቀመጠ። ይህን ታሪክ ያወረደው ራሱ አብዱልዋሴ ነው። ሸምግሎ ሳለ ለደረሶቹ ይነግራቸው ነበር። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ግን ምንም ሳይጨምር ይነሳል አሉ።

ልጅ ሆኜ ይህ ታሪክ ያናድደኝ ነበር። አባቴን፣ ታዲያ እውነቱን መናገራቸው ለማን ጠቀመ እላቸዋለሁ። ልጁ ሰላሙን አጣ፣ ሽማግሌው ስማቸውን አጡ፣ ራቢያ እጇን ፈራች። እጁም አልዳነም።

ዛሬ ራሴ እናት ሆኜ ሳስበው የገባኝ ጥቂት ነገር ነው። ቀደር የምንለው ቃል ትልቅ ቃል ነው፣ ያለሱ ማን ይኖራል። ተጎጂው ሲለው ኢማን ነው። ጎጂው ቀድሞ ሲለው ግን ያችው ድምፅ ናት፣ ከንፈር ላይ ብቻ ያረፈች «ቀጭ»። የያዘች ትመስላለች። እኔ ለዘምዘም ቀደር ነው ስላት አፌ እንዴት እንደፈጠነ አስታውሳለሁ። ሸኽ እብሬ ያንን ቃል ለራሳቸው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልወሰዱትም። ምን አገኙበት ብትሉኝ፣ እዚህ ዱንያ ላይ ያገኙትን እኔ አላየሁም። እዚያ ማዶ ያለውን አላህ ያውቃል።

ኒዕማ ለምን እንደጠየቀችኝ ልንገራችሁ። ያ ሰንጢ መያዣው ከተበላሸ ቆይቷል። ከሁለት ወር በፊት ሽንኩርት ልትልጥበት ስታነሳው እጇን መትቼ አስጥያታለሁ። «ይህን አትንኪ፣ መያዣው ይለቃል፣ ጣትሽን ይቆርጥሻል» ብያታለሁ። ከዚያ መጣል ሲገባኝ መሳቢያ ውስጥ መለስኩት። ዘምዘም ለአንድ ጉዳይ ብላ በር ላይ ሆና ስትጠይቀኝ፣ እጄ ሊጥ ስለነበረ፣ «ከመሳቢያው ውሰጂ» አልኳት፤ መያዣው እንደሚለቅ ግን አልተናገርኩም። ረስቼው ነው። መርሳቴ ግን ውሸት አይደለም፤ ውሸቱ ከተቆረጠች በኋላ ያስታወስኩትን መዋጤ ነው። ልጄ ይህን ሁሉ ታውቃለች። ሦስት ቀን ስታየኝ ኖራለች።

በማግስቱ ከሱብሂ በኋላ ልጆቿ ሳይነሱ የዘምዘምን በር አንኳኳሁ። ሰንጢውን ከተቆረጠች በኋላ መልሳልኝ ስለነበር በነጠላዬ ጠርዝ ይዤው ነበር። በግራ እጇ ከፈተችልኝ። በሰላም ነው ወይ በዚህ ማለዳ አለችኝ። አልተቀመጥኩም። ሰንጢውን አውጥቼ ዘረጋሁት፤ «ቀጭ» አለ። የስለቱን ጀርባ ከበሩ እንጨት ላይ አድርጌ ተጫንኩት። ታጠፈ።

«ዘምዘም፣ እንደሚለቅ አውቅ ነበር» አልኳት።

ከበሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኳት።